በቅሎ የምትመረጠው ለዳገት ነው፦ ስለ አላስካ አደንና ስለ ውሃ አውሮፕላን ኪራይ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካዋ የአላስካ ግዛት፣ አንኮሬጅ ከተማ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ይህን ያንብቡልኝና ሐሳብዎን ይንገሩኝ፤ በመስከረም ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለአደን ልንወጣ ነው፤ አውሮፕላኑንም በዚህ ምክር መሠረት ልንከራይ ነው» ይላል መልእክቱ። ጽሑፉ አዳኞችን ወደ አላስካ ሰው አልባ ሐይቆች የሚያደርሱ የውሃ አውሮፕላኖች እንዴት እንደሚመረጡ በስምንት ነጥብ የሚያስረዳ ነው። ጸሐፊው የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ ሄደው አንድ ጊዜ አደን ወጥተዋል፤ ግዳይ ጥለው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው በሰላም ተመልሰዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ነገ ገበያ ላይ ሰላም መባባላችን አይቀርም።

ጽሑፋቸው ይጥማል። ድብ ያየ ሰው እንዴት እንደሚደነግጥ የገለጹበት አንቀጽ ብቻዬን አስቆኛል። ምክራቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ከስምንቱ ነጥቦች አንዳንዶቹ ሰው ያስርባሉ፣ አንዳንዶቹ ያስከስሳሉ፣ አንዱ ደግሞ ይገድላል። ዝም ብዬ ባልፈው የእህቴን ልጅ ዓይን ማየት አልችልም።

እኔ አብራሪ አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ በአንድ የውሃ አውሮፕላን አከራይ ዘንድ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። አውሮፕላን በገመድ አስሬአለሁ፣ ነዳጅ ቀድቻለሁ፣ ሰውና ዕቃ መዝኛለሁ፣ ደም ያዘለ የሥጋ ከረጢት በትከሻዬ ተሸክሜአለሁ። የሠራሁበት ሐይቅ ሌክ ሁድ ይባላል፤ አንኮሬጅ ከተማ ውስጥ ከትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ይገኛል። ከዓለም የውሃ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሁሉ ብዙ የሚበረርበት ነው ይባልለታል።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ልንገር። አላስካ ውስጥ መኪና የሚደርስበት አገር ጥቂት ነው፤ ሐይቅ ግን ሞልቷል። ስለዚህ ጎማው ተነቅሎ በምትኩ ሁለት ረጃጅም ጀልባ መሰል ተንሳፋፊዎች የተገጠሙለት አውሮፕላን ከሐይቅ ተነሥቶ ሐይቅ ላይ ያርፋል። እነዚህን ተንሳፋፊዎች እኛ እዚያ የምንሠራ አበሾች «ጫማ» እንላቸው ነበር፤ እዚህም እንዲሁ እላቸዋለሁ። አዳኙ ከነድንኳኑ አንድ ስም የለሽ ሐይቅ ዳር ይወርዳል፤ አውሮፕላኑ ይሄዳል፤ ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ ተመልሶ ይወስደዋል። በመካከሉ ያለው ዝምታ፣ ዝናብና ድብ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ስለሆነ ነገርን ሁሉ በበቅሎ መለካት ልማዴ ነው። አባቴ ከደጋው ወደ ጀማ ቆላ ለእህል ሲወርድ በቅሎ ይከራይ ነበር። ባለበቅሎው «ቁልቁለቱን እንደ ውሃ ነው የምትወርደው» እያለ ሲያሞግስ አባቴ አይሰማውም። ኮርቻውን ያስወርድና ጀርባዋን ይዳብሳል፤ ገጣባ ይፈልጋል። ከዚያ ኮቴዋን ያነሣል። ከዚያም «ማሽላ ጭና ዳገቱን ስትወጣ ስንት ጊዜ ታርፋለች?» ብሎ ይጠይቃል። ሲወርድ ባዶ አቁማዳ ነው የተጫነችው፤ ሲመለስ ነው በቅሎነቷ የሚታወቀው። የውሃ አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። የጸሐፊያችን ስሕተት ሁሉ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ አውሮፕላኑን የመረጡት ለመሄጃው ቀን ነው። መሄጃው ቀን ላይ ሐይቁ ሰፊ፣ ነዳጁ ቅርብ፣ ዕቃው ደረቅ ነው። በመመለሻው ቀን ግን ሐይቁ ጠባብ፣ ድንኳኑ የራሰ፣ ሥጋው ከሁለት ኩንታል በላይ፣ ሰማዩም የተለወጠ ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልሂድ።

የመጀመሪያው ምክራቸው «በሰዓት ርካሽ የሆነውን ተከራዩ» የሚል ነው። የሰዓት ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግርም። አውሮፕላኑ እናንተን አድርሶ ባዶውን ይመለሳል፤ ሊወስዳችሁም ባዶውን ይመጣል። የምትከፍሉት ለደርሶ መልሱ ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ለስሌት ያህል ብቻ ቁጥር ላስቀምጥ። አንዱ በሰዓት 700 ዶላር፣ ሌላው 500 ዶላር ያስከፍላሉ እንበል፤ ሐይቁ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ትልቁ አራት ሰው ከነጓዙ በሁለት ምልልስ ካደረሰ አራት ሰዓት ነው፤ 2,800 ዶላር። ትንሹ አራት ምልልስ ከፈለገ ስምንት ሰዓት ይሆናል፤ 4,000 ዶላር። ርካሹ ተወደደ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሥጋው ምልልስ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ጥያቄው «በሰዓት ስንት ነው?» ሳይሆን «እኛን አራታችንን አድርሰህ፣ ከሁለት ሙስ ሥጋ ጋር እስክትመልሰን ድረስ ጠቅላላው ስንት ነው?» መሆን አለበት፤ ሙስ ማለት እዚያ የሚታደን ግዙፍ ባለ ቀንድ አጋዘን ነው። ይህን በጽሑፍ የማይመልስ አከራይ በመጨረሻው ቀን ወረቀት ይዞ ይጠብቃችኋል።

ሁለተኛው «አዲስ አውሮፕላን ምረጡ፣ አሮጌ ከሆነ እንቢ በሉ» ይላል። ጸሐፊያችን ይህን ሲጽፉ የአላስካን ሰማይ ግማሹን ባዶ አድርገውታል። በዚያ አገር የውሃ አውሮፕላን ንጉሥ ደ ሃቪላንድ ካናዳ የሠራው ቢቨር ነው። መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ 1,657 ያህል ተሠርተው ምርቱ በ1967 ቆመ። ዛሬ የሚበረው ቢቨር ሁሉ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው። 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ክብ ሞተሩ ሲነሣ ደረት ያንቀጠቅጣል። የሞተር ዘይት መሙያው አብራሪው ካለበት ክፍል ውስጥ ነው፤ እየበረረ ዘይት መጨመር ይችላል። ያን ያህል ለበረሃ ታስቦ የተሠራ ነው። ዕድሜው በዓመት አይቆጠርም፤ ሞተሩ ከታደሰ ወዲህ ስንት ሰዓት በረረ፣ አካሉስ መቼ ተፈትቶ ተመረመረ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ደግሞም ትልቅና አዲስ የሆነ ሁሉ በሁሉም ቦታ አያርፍም። ቢቨር የማይነሣባት ኩሬ ላይ ሱፐር ካብ የምትባለው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ትነሣለች። ጥሩ አከራይ አንዳንድ ጊዜ በትንሿ ከኩሬው ወደ ሰፊ ሐይቅ ያመላልስና በትልቁ ከዚያ ይወስዳል።

አሮጌ መሆኑን ሳይሆን የተያዘበትን እጅ ማየት ከፈለጋችሁ ማለዳ ሂዱ። እኔ በየቀኑ ንጋት ላይ የማደርገውን ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ጫማ ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል ቢቀደድ ሌላው እንዲያንሳፍፍ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ከላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ በጎማ ኳስ ትደፈናለች። ኳሷን ነቅዬ የእጅ ፓምፕ እሰካና ሌሊት የሰረገውን ውሃ እስባለሁ፤ እየሳብኩም እቆጥራለሁ። ሦስት፣ አራት ስቦ ከዚያ አየር ብቻ ካወጣ ጤና ነው። ትናንት አራት የነበረው ዛሬ ሃያ ከሆነ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል፤ አብራሪውን እጠራለሁ። ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ጫማ ውስጥ የተረሳ ሃምሳ ሊትር ማንም ያልመዘነው ተሳፋሪ ነው። ሌላ አከራይ ዘንድ፣ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ልጁ ኳሶቹን ሳይነቅል ፓምፑን ይዞ በጫማው ላይ ሲመላለስ አይቻለሁ። ለተመልካች ነበር የሚሠራው። ደንበኞቹ ቡና እየጠጡ ያዩታል፤ «እንዴት ጠንቃቆች ናቸው» ይላሉ።

ሦስተኛውን ነጥብ ሳነብ ጽሑፉን አስቀምጬ ወጣሁ። «አከራዮቹ ክብደት ይጠይቃሉ፤ ትንሽ ቀንሳችሁ ንገሯቸው፣ ሁሉም ያደርገዋል፣ ተጨማሪ ምልልስ ከመክፈል ያድናል» ይላሉ። እርሳቸው እንዳደረጉት ይናገራሉ፤ ሃያ ኪሎ ደብቀው ምንም አልሆኑም። ሃያ ኪሎ የደበቁት ግን ብቻቸውን አይደለም። «ሁሉም ያደርገዋል» ካሉ አብረዋቸው የተሳፈሩት ጭምር አራት ሰዎች ሃያ ሃያ ደብቀዋል እንበል፤ ሰማንያ ኪሎ ነው። አብራሪው የማያውቀው አንድ ሙሉ ሰው አብሯቸው ተሳፍሯል።

አንድ ጊዜ አንድ ግዙፍ ሰው ሚዛን ላይ አቁሜ ጻፍኩት። ከሚዛኑ ወርዶ ከመኪናው ካፖርቱን አምጥቶ ለበሰ። ሲራመድ ካፖርቱ እንደ ደወል ያንኳኳል። እጄን ዘርግቼ ኪሱን ስነካው ጥይት፣ የታሸገ ምግብ፣ የመጥረቢያ ራስ፣ ሁለት የጠርሙስ መጠጥ። «ጌታዬ፣ እንደገና ይውጡልኝ» አልኩት። ዐሥራ አራት ኪሎ ጨመረ። ተቆጣ፤ ጮኸ። አብራሪያችን ከወዲያ ሆኖ ሲሰማ ቆየና ቀስ ብሎ መጥቶ «ወይ ካፖርቱ ይቀራል፣ ወይ አንተ ትቀራለህ» ብሎት ሄደ። ካፖርቱ ቀረ።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ በዓይኔ ያየሁትን ልጨምር። ገና በሁለተኛው ዓመቴ ከሌላ አከራይ አብራሪ ጋር ሥጋ ልናወጣ ሄድን። ሐይቁ ረጅም ባቄላ ይመስላል፤ በዳርቻው ጥቁር የጥድ ዛፍ ቆሟል። ዕለቱ ሞቃት ነበር፣ ነፋስ የለም፣ ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል። ያላየ ሰው «እንዴት ያለ ጥሩ ቀን» ይላል። የውሃ አውሮፕላን ግን እንዲህ ያለውን ውሃ አይወድም። የረጋ ውሃ ጫማውን ይዞ አይለቅም፤ ትንሽ ሞገድ ሲኖር አየር ከሥሩ ገብቶ ያላቅቀዋል። ከፊት የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ ክንፉን ያግዛል። ሁለቱም አልነበሩም። ሁለት አዳኞች፣ የአንድ ሙስ ሥጋ፣ እኔ፣ ነዳጅ። ሞተሩ ጮኸ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሣ፤ ውሃ በመስኮቱ ተረጨ። ጫማው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ መንሸራተት ሲገባው ማረሱን ቀጠለ። በሬ ጭቃ ውስጥ ሲያርስ እንዲህ ነው። ዛፎቹ እየቀረቡ መጡ። አብራሪው ጋዙን ቀነሰ። ዞሮ በራሱ ሞገድ ላይ ሞከረ፤ አሁንም አረሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር ሲዞር በግዕዝም በአማርኛም የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ ነበር። ደግነቱ አቆመ። እኔና ሥጋው ወረድን፤ እርሱ ሁለቱን አዳኞች ይዞ ተነሣ። እስከ ማታ ሥጋውን ከቁራ ስጠብቅ ዋልኩ። ያ አብራሪ ሥጋውን ሳያይ፣ ሳይመዝን ነበር «ይነሣል» ያለው። እኔም አፌን ዘግቼ ጫንኩለት። ክብደት ማለት ይህ ነው፤ ከዛፉ ጋር የሚደረግ ክርክር ነው።

ይህ የእኔ ተረት እንዳይመስል የታወቀውን ልንገር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 አላስካን በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ይወክሉ የነበሩት የሜሪ ፔልቶላ ባለቤት የሙስ ሥጋ ጭነው ሲነሡ አውሮፕላናቸው ወድቆ ሞቱ። የእርሳቸው ሱፐር ካብ ባለ ጎማ ነበር እንጂ የውሃ አልነበረም። የአደጋ መርማሪዎች አውሮፕላኑ ከልክ በላይ መጫኑንና ከክንፉ ሥር ቀንድ መታሰሩን ገልጸዋል። እርሳቸው ልምድ ያላቸው አብራሪ ነበሩ። ክብደት ልምድን አይፈራም።

አራተኛው ነጥብ ስለ አብራሪው ነው። «በማንኛውም አየር የሚወጣ ደፋር አብራሪ ፈልጉ» ይላሉ። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ሁለት ዓይነት ሹፌር አለ። አንዱ ዳር ይዞ ቆሞ ጉሙ እስኪገፈፍ ሻይ ያስቀዳል፤ ሌላው መብራቱን አብርቶ ዋሻውን አልፎ በቁልቁለቱ ወደ ደብረ ሲና ይለቀዋል። ልጆቻችሁን በየትኛው ትልካላችሁ? የአላስካ አብራሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረው በዓይኑ እያየ ነው፤ ሸለቆውን፣ ወንዙን፣ የተራራውን አንገት። ጉም ሲወርድ የሚያየው የለም። በመስከረም ማለዳ ደግሞ ክንፉ ላይ ውርጭ ያድራል። ኅዳር ላይ በደብረ ብርሃን ማለዳ የወጣ ሰው ሣሩ ላይ ያለውን ነጩን ያውቀዋል፤ ያ እንደ ወረቀት የሳሳ ነገር ክንፉን ሻካራ አድርጎ የማንሣት ኃይሉን ይሰርቀዋል። ጠንቃቃ አብራሪ ሸራ ያለብሰዋል፣ በገመድ ይፍቀዋል፣ ወይም ፀሐይ ትወጣለት ዘንድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ደፋሩ «ሲበር ይረግፋል» ይላል።

ከመነሣቱ በፊት የሚናገረውንም ስሙ። ጥሩ አብራሪ የበሩን እጀታ በእጃችሁ አስነክቶ ያሳያችኋል፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንድታገኙት ያደርጋል። ምክንያቱም የውሃ አውሮፕላን ሲገለበጥ ተሳፋሪው ተዘቅዝቆ ጨለማ ውሃ ውስጥ ነው የሚሆነው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱንም ከአውሮፕላኑ ከወጣችሁ በኋላ እንጂ ውስጡ ሳላችሁ እንዳትነፉት ያስጠነቅቃል፤ ከውስጥ የነፋ ሰው ጣሪያው ላይ ይለጠፋል። ይህን በሁለት ደቂቃ የሚያስረዳ ሰው ገንዘባችሁ ይገባዋል።

አምስተኛው «ወረቀት አትጠይቁ፣ በሰው በሰው ተስማሙ» የሚለው በአጭሩ ይታለፍ። በአሜሪካ ሕግ ሰው ጭኖ ገንዘብ የሚቀበል አብራሪ የግል ፈቃድ ብቻ ይዞ መሥራት አይችልም፤ ድርጅቱ ከፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለኪራይ በረራ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። አዳኝ ማጓጓዝን ዋና ሥራው ያደረገ ደግሞ ከግዛቱ የአጓጓዥነት ፈቃድ ያስፈልገዋል። «የጓደኛዬ ጓደኛ አውሮፕላን አለው» የሚለው መንገድ አደጋ ሲደርስ ኢንሹራንሱ የሚጠፋበት መንገድ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላርም። ጸሐፊው «ከኢትዮጵያ የሄደ እንግዳም ያለ መሪ ያድናል» ብለዋል። አያድንም። የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ በአላስካ ማንኛውንም ትልቅ አውሬ ለማደን ፈቃድ ያለው መሪ ያስፈልገዋል። ከሌላ ግዛት የሚመጣ አሜሪካዊ እንኳ ለቡናማ ድብ፣ ለዳል በግና ለተራራ ፍየል መሪ ወይም የአላስካ ነዋሪ የሆነ የቅርብ ዘመድ ያሻዋል። የእህቴ ልጅ ነዋሪ ስለሆነ ይህ አይመለከተውም፤ ከአዲስ አበባ ሊጠራው ያሰበውን የአክስቱን ልጅ ግን ይመለከታል።

ስድስተኛው «አብራሪውን ትንሽ ጉርሻ ስጡትና ከላይ ሆኖ አውሬ ይፈልግላችሁ፤ አይታችሁ ወርዳችሁ ተኩሱ» ይላል። ይህ ምክር እስር ቤት የሚያስገባ ነው። በአላስካ ሕግ ጥቂት ካልሆኑ በቀር ትልልቅ አውሬዎችን በበረራችሁበት ቀን ማደን ክልክል ነው፤ እስከ ማግስቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ ግዴታ ነው። አጓጓዡም አጓጓዥ ነው፤ አደን መምራት አይፈቀድለትም። ጉርሻውን ተቀብሎ ሐይቁን እየዞረ አውሬ የሚያሳይ አብራሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ በዚህ ሕግ የሚቀልድ በሚዛኑም ይቀልዳል።

ሰባተኛው ነጥብ ላይ ግን ጸሐፊያችንን እረዳቸዋለሁ። «የአዳኝ ክብሩ ግዳዩ ነው፤ ቦታ ከጠበበ ቀንዱን አስቀድሙ፣ ሥጋው ይቅር» ብለዋል። እኛ የግዳይ ልጆች ነን። ጎፈሬው በቅቤ የራሰ፣ ጦሩን ሰብቆ የሚፎክር አዳኝ ስናይ ነው ያደግነው፤ ሥጋውን ያስቆጠረ አዳኝ አልሰማንም። አላስካ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የሙስ የሚበላ ሥጋ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ቀንዱ ከሥጋው ቀድሞ ከጫካ መውጣት አይችልም። ሥጋ ያባከነ ሰው ይቀጣል። ይህን ካወቃችሁ የአውሮፕላን ምርጫችሁ ይለወጣል። አንድ ትልቅ ወንድ ሙስ ከአጥንቱ የተለየ ሁለት ኩንታል ተኩል ገደማ ሥጋ ያወጣል። ቢቨር ነዳጁን ይዞ፣ እንደ ርቀቱ ይለያያል እንጂ፣ የሚሸከመው ከአራት እስከ አምስት ኩንታል ነው። አራት ሰው፣ ሁለት ሙስና የራሰ ድንኳን ቢያንስ ሦስት ምልልስ ነው። ስለዚህ ስትዋዋሉ «ሥጋው በስንት ሰዓት ውስጥ ይወጣል? ማቀዝቀዣ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከውሃ የራቀ፣ ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያገኘው የሥጋ መስቀያ ካላበጃችሁ ደግሞ ከአከራዩ በፊት ድቡ ይመጣላችኋል። በጥይት የወደቀ ይበላል አይበላም፣ ባርኮ ያልታረደ እንዴት ይሆናል የሚለውን የአንኮሬጅ ልጆች ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ፤ ሙስ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም የተሰነጠቀ ነው፣ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የማውቀው። ድብን አትጠይቁኝ።

ስምንተኛው «ስንቅ በቀኑ ልክ ያዙ፣ ክብደት እንዳይበዛ» ይላል። ክብደት በመደበቅ ያልፈሩት ሰው እዚህ ጋር ክብደት ፈሩ። የመመለሻው ቀን የሚወሰነው በውል ሳይሆን በጉም ነው። አንድ መስከረም ከሥራ ባልደረባዬ ከጎጃሙ ልጅ ጋር በትንሽ ሐይቅ ዳር ወረድን። ሰባት ቀን አደንን፤ ምንም አልጣልንም። በስምንተኛው ቀን አውሮፕላኑ መምጣት ነበረበት፤ ጉሙ ሐይቁን እንደ ጋቢ ሸፈነው። ዘጠነኛው፣ ዐሥረኛው፣ ዐሥራ አንደኛው እንዲሁ አለፉ። ከረጢታችን ታች የቀረው እናቴ ከመሐል ሜዳ የላከችልኝ በሶ ነበር። የሐይቁን ውሃ አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ በጨው በጥብጠን በቆርቆሮ ኩባያ ጠጣነው። አንዱ ቀን ዓርብ ነበር፤ የጎጃሙ ልጅ «እግዚአብሔር ጾሙን በግድ አስጾመን» ብሎ ሳቀ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ሁለታችንም ዘለልን። ከዚያ ወዲያ አራት ተጨማሪ ቀን የሚያቆይ በሶ ሳልይዝ አልሄድኩም፤ የአላስካ ሕግም አውሮፕላኑን ራሱን የአደጋ ጊዜ መትረፊያ ዕቃ ሳይዝ እንዳይበር ያስገድደዋል። በሳተላይት መልእክት የምትልክ የእጅ መሣሪያም ያዙ፤ አከራዩ መልእክቱን ማን እንደሚያነብለት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሌሊት የማያነብ ከሆነ መሣሪያዋ ጌጥ ናት።

በመደምደሚያቸው ላይ ጸሐፊው ሕልማቸውን ገልጸዋል፤ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ለሰሜን ሸዋ ቢመጣ፣ ለመንዝ ጓሳና ለጀማ ገደል አዳኝ ቢያመላልስ። ሕልም አይከለከልም። ነገር ግን ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል። ክንፉም ሞተሩም ይደክማሉ፤ የሚነሣበት ሐይቅም የለንም። ከዚያም በላይ ጓሳ የአደን ቦታ አይደለም። አባቶቻችን ሣሩን ለዓመታት ዘግተው በጋራ ፈቃድ ሲከፍቱት የኖሩበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያሉበት የሕዝብ ጥብቅ ስፍራ ነው። አዳኝ ሳይሆን ካሜራ የያዘ እንግዳ ይምጣ፤ ለእርሱ ደግሞ በቅሎ አለን፣ ምርጫውንም እናውቅበታለን።

የእህቴ ልጅ በስልክ «ጋሼ፣ እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ጥያቄ ብቻ ብጠይቅ የትኛው ይሁን?» አለኝ። ጸሐፊያችን «ስንት ዓመት ያለ አደጋ እንደሠሩ ጠይቁ» ብለዋል፤ ግን ለዚህ ሁሉም አንድ መልስ አለው። እኔ አንድ ከሞንታና የመጣ ሽማግሌ አዳኝ ለአለቃዬ ያቀረበውን ጥያቄ ነገርኩት። ሽማግሌው መትከያው ላይ ቆሞ አውሮፕላኑን አላየም፣ ዋጋም አልጠየቀም። «ባለፈው መስከረም ሰው ልትወስድ ሄደህ ስንት ጊዜ ባዶህን ተመለስህ?» አለው። አለቃዬ ከደረት ኪሱ ዘይት የነካካት ደብተር አወጣ። ጣቱን በምላሱ አርሶ ገጹን ገለጠ፤ በከንፈሩ እየቆጠረ እስከ ወሩ መጨረሻ ወረደ።

«ዐሥራ አንድ» አለ።

ሽማግሌው የገንዘብ ቦርሳውን አወጣ።